«አንድ መስመር ናት» ለምትሉ

ልጅ ቢት፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «ረስት አበቃለት፣ ሜሞሪ ሴፍቲ ማስታወቂያ ብቻ ነበር» ተብሎ ተጽፎ አነበብኩ። አናደደኝ። ረስት ኮዱ ሜሞሪን በስህተት እንዳይነካ አስቀድሞ የሚፈትሽ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ሜሞሪ ሴፍቲ የሚባለውም ይሄው ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2025 ከከርነሉ ዋና ጠባቂዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ በረስት ለተጻፈ ኮድ የመጀመሪያው ሲቪኢ (ለደህንነት ቀዳዳ የሚሰጥ መለያ ቁጥር) መውጣቱን አሳወቀ። ባጉ ያለው በረስት እንደገና በተጻፈው የአንድሮይድ ባይንደር (አፖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ክፍል) ውስጥ ነው። በዚያው ቀን በድሮው ቋንቋ በሲ ለተጻፈው ክፍል 159 ሲቪኢ ወጥተዋል። ስለ እነሱ ትንፍሽ ያለ የለም። የረስቱ ደግሞ አንዲት አንሴፍ (ቋንቋው የማይፈትሻት፣ ጸሐፊው በራሱ ኃላፊነት የሚጽፋት) መስመር ናት። አንድ መስመር!

ሲ እስከ መጨረሻው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላጠፋውም። የከርነሉ ሲ ኮድ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር መስመር ነው። ረስቱ ከዚያ አጠገብ ኢምንት ነው። እንዴት 159 ለ 1 ብለህ ታወዳድራለህ? ይሄ ባይንደር ከርነል 6.18 ላይ ገብቶ ወር ሳይሞላው ነው የተያዘው።

ዝምተኛዋ፦ እኔ «አንድ መስመር» የምትለዋን ልያዝ። ኮዱን አይቼዋለሁ። መስመሯ ከሊስት ላይ አንድ እቃ ታነሳለች። ከላይዋ ያለው ኮሜንት «ይህ እቃ ከባለቤቱ ሊስት ሌላ የትም አይገባም» ይላል። ስህተቱ ግን እሷ ጋ አይደለም። ሪሊስ የሚባለው ፈንክሽን ሎኩን (ሌላው እንዳይነካ የሚዘጋውን ቁልፍ) ይይዛል፣ እቃዎቹን በሙሉ ወደ ራሱ ጊዜያዊ ሊስት ይወስዳል፣ ሎኩን ይለቃል። ከዚያ ያለ ሎክ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ያኔ ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ይመጣና ከእነሱ አንዱን ያነሳል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የዚያን እቃ የፊትና የኋላ ፖይንተር (ጎረቤቶቹን የሚጠቁመውን አድራሻ) ይነካካሉ። ሊስቱ ይበላሻል፣ ከርነሉ ይወድቃል። ሪሊስ ውስጥ ደግሞ አንሴፍ የሚል ቃል የለም።

ልጅ ቢት፦ ይሁን፣ ግን ከርነሉ ወደቀ እንጂ ማንም ሩት (የሲስተሙ ሙሉ ባለሥልጣን) አልሆነበትም። ግሬግም ያለው ክራሽ ነው። ደርቲ ካው የተባለውን ቀዳዳ ረሳችሁት? ከ2007 እስከ 2016 ሲ ኮድ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ተራ ተጠቃሚ እንዲያነበው ብቻ የተፈቀደለት ፋይል ላይ ይጽፍበት ነበር። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ራሱ «ከ11 ዓመት በፊት ልጠግነው ሞክሬ በደንብ አልሠራሁትም» የሚል ነገር ፓቹ (ጥገናው) ላይ አስፍሯል። ሊነስ ያመለጠው ሌላው አያመልጠውም?

እናት ቦርድ፦ በመሃል አንድ ልመና። ሁለት ትሬዶች አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሲነኩ የሚፈጠረውን «ሬስ ኮንዲሽን» ከምንል «ሽሚያ» እንበል። ተማሪዎቼ ሽሚያ ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ሲ እስከ መጨረሻው፦ የሚሻሙ ሰዎች ይተያያሉ። ትሬዶች አይተያዩም። ችግሩም እሱ ነው። ቃሉ ያሳስታል።

እናት ቦርድ፦ «ሬስ»ስ ሩጫ አይደል? ሯጮችም ይተያያሉ። በእንግሊዝኛ ሲሆን አላሳሰተህም።

ሲ እስከ መጨረሻው፦ እሱን ሌላ ቀን። ዝምተኛዋ የእኔን ነገር ነው የተናገረችልኝ። ስህተቱ ሴፍ ከተባለው ኮድ ከመጣ፣ አንሴፍ ብላችሁ ያጠራችሁት አጥር ምን ይጠብቃል? መስመሯን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ዝምተኛዋ፦ የአንተን አልተናገርኩም። ስህተቱን ስፈልግ የጀመርኩት ከዚያች ኮሜንት ነው። ምን ቃል እንደተገባ ታሳያለች፣ እኔ ደግሞ ቃሉ የት እንደሚፈርስ ፈለግኩ። ሲ ላይ ብዙ ጊዜ ያ ቃል ያለው በጻፈው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ሲ እስከ መጨረሻው፦ እኛም ኮሜንት እንጽፋለን። የሎክ አያያዝን የሚፈትሽ ሎክዴፕ አለን። ከ2020 ጀምሮ ሬስ የሚያድነው ኬሲሳን ከርነሉ ውስጥ አለ። እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም።

ልጅ ቢት፦ ኬሲሳን የሚይዘው ኮዱ ሲሮጥ የገጠመውን ብቻ ነው። ያልገጠመው ስህተት የሰው ስልክ ላይ ይፈነዳል። ጉግል አዲሱን ኮድ ወደ ረስትና መሰል ቋንቋዎች ሲያዞር፣ አንድሮይድ ላይ ከደህንነት ቀዳዳዎች ውስጥ የሜሞሪ ስህተቶች ድርሻ በ2019 ከነበረበት 76 በመቶ በ2024 ወደ 24 በመቶ ወርዷል። ይሄም ማስታወቂያ ነው?

ሲ እስከ መጨረሻው፦ ቁጥሩን አልካድኩም። አንተ ግን «አንድ መስመር» ያልከውን አንሳ።

ልጅ ቢት፦ አላነሳም። አንሴፏ አንድ ናት።

ዝምተኛዋ፦ ለጥገና የተነካው ሪሊስ ነው። አሁን እያንዳንዱን እቃ ሎክ ይዞ ነው የሚያወጣው። 6.18.1 ላይ አለ። ፓቹን ክፈተው።

ልጅ ቢት፦ ከፈትኩት። አንሴፏ እዚያው ናት፣ አንድም ፊደል አልተነካባትም።

ሲ እስከ መጨረሻው፦ እኔስ ምን አልኩ?