ከረግረጉ ላይ ቤት ሊሠራ ነው፤ ቅሬታችንን የት እናቅርብ?

የጥቁር ውሃ ነዋሪ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሐዋሳ፣ ጥቁር ውሃ አካባቢ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው ረግረግ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ከብት ይግጥበታል። አረንጓዴ ቦታ ነው ሲባል ነበር የምናውቀው። ባለፈው ሳምንት ቀያሾች መጥተው ደንገሉ መሃል ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። በማግስቱ ሲኖትራክ ገረጋንቲ ይደፋ ጀመር። ቀበሌ ሄደን ብንጠይቅ "ለመኖሪያ ተቀይሯል" አሉን፤ ወረቀት ግን የሚያሳየን የለም። ቤት መሠራቱን አልጠላንም፣ የእኔም ልጆች ኪራይ ላይ ናቸው። የሚያስፈራን ውሃው ነው። አምና ነሐሴ ግቢያችን የገባው ውሃ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ያ መሬት ከተደፈነ የት ይሂድ? ከየት እንጀምር?

ቀያሹ
እናቴ፣ "ተቀይሯል" የሚለውን በቃል አትቀበሉ። ማዘጋጃ ቤት የፕላን ክፍል ሄዳችሁ የመሬት አጠቃቀም ካርታውን እንዲያሳዩአችሁ፣ ለውጡ የጸደቀበትን ውሳኔም እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ስለዚህ ነዋሪው መቼና የት እንደተጠራ ጠይቁ፣ ቃለ ጉባኤው ይውጣ። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ እናንተ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም ሳታስመቱ እንዳትወጡ። እኔ ቢሮ ውስጥ ስሠራ በቃል የመጣ ቅሬታ ሲጠፋ እንጂ ሲታይ አላየሁም።

የሐይቁ ልጅ
ይህን ጉዳይ የአንድ ሰፈር ብቻ አታድርጉት። ይህ የምትሉት ረግረግ ያለበት ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ረግረጉ ነው። ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱት ጅረቶች ደለላቸውን እዚያ አራግፈው በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ሐዋሳ ሐይቅ ይገባሉ። ክረምት ከበጋ ሳይቋረጥ ሐይቁን የሚመግበው ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ሐይቁ ደግሞ በምድር ላይ መውጫ የለውም፣ የገባው ደለል እዚያው ይቀመጣል። ደንገሉና ፊላው ማጣሪያችን ናቸው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ የሚሸጡትም ጉዳዩ የእነሱ ነውና አብረው ይፈርሙ።

ጠበቃ ነኝ
አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ከዚያ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ቀኑን ቁጠሩ፤ ሰው መብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ካለም እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ አዋጅ 299/1995 ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል።

እርጥብ መሬት ላይ የሠራሁ
እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው ቤት የሠራሁት። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲቆፈር አንድ ሜትር ተኩል ላይ ውሃ ፈለቀ። ቆፋሪው "ጋሼ፣ ይህ ጉድጓድ ሳይሆን ምንጭ ነው" አለኝ። አሁን ክረምት በገባ ቁጥር ይሞላል፣ እርጥበቱም ግድግዳውን ይዞ እስከ ወገብ ወጥቷል። ገዢዎቹም እንደ እኔ ዕድሜ ልክ ያጠራቀሙትን የሚያፈሱ ሰዎች ናቸውና አትጣሏቸው። ማመልከቻው ላይ "የአፈር ምርመራ ተደርጓል ወይ?" የሚል ይጨመርበት።

የጥቁር ውሃ ነዋሪ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ተሰብስበን 23 ሰው ፈርመናል። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ መልስ እስክንጠብቅ አፈሩ ተደፍቶ ቢያልቅስ?

ጠበቃ ነኝ
አቤቱታው ላይ "ውሳኔ እስኪሰጥ አፈር መድፋቱ ይታገድልን" የሚል በግልጽ ጻፉ። ከዛሬ ጀምሮም በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን መዝግቡ።

የጥቁር ውሃ ነዋሪ (ጠያቂ)
ሰኞ ጠዋት ገቢ እናደርጋለን። ትናንት ሌሊት ዘንቦ ዳር ያለው ችካል ቀይ ጫፉ ብቻ ከውሃው በላይ ቀርቷል። ልጄ ፎቶ አንስቶታል፣ አያይዘዋለሁ።