የግራር ጫካ ግንደ ቆርቁር፦ ኑብያ ወይስ ካርዲናል?

ግራር ሥር
ላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ ግራር ላይ ፎቶ ያነሳሁት ግንደ ቆርቁር ነው። ማጅራቱ ቀይ፣ ግንባሩ ጥቁር፣ ጀርባው ቡናማ፣ ደረቱ ዝንጉርጉር። ማጅራተ ቀይ ብዙ ስለሆነ ተምታታብኝ። ከየት ልጀምር?

ምንቃር
በቀዩ አይጀምሩ። የራስ ቅላት ከሁሉ በፊት የሚነግርዎ ጾታውን ነው፤ ለዝርያው ደረቱን ይዩ። ክብ ጥቋቁር ነጠብጣብ ከሆነ ኑብያ የሚባለው ግንደ ቆርቁር ነው፤ ቁልቁል የወረደ ቀጭን ሰረዝ ከሆነ ካርዲናል፤ ደቃቅ አግድም መስመር ከሆነ ጺማሙ ግንደ ቆርቁር። መጠኑም ይረዳል፦ ካርዲናል 15 ሴ.ሜ. ገደማ፣ ኑብያ 20፣ ጺማሙ 24።

ቀጥሎ ጉንጩን ይመልከቱ። ከምንቃሩ ሥር ወደ አንገት የሚወርደው የጺም መስመር በኑብያ ወንድ ቀይ ነው፤ አናቱም ከግንባር እስከ ማጅራት ይቀላል። ሴቷ ቀይ ያላት ማጅራቷ ላይ ብቻ ሲሆን ግንባሯና የጺም መስመሯ ጥቁር ላይ ነጭ ነቁጥ ነው። የካርዲናል ጺም በወንዱም በሴቷም አይቀላም፤ የወንዱ ግንባርም ቡናማ ነው። የእርስዎ ወፍ ነጠብጣብ ክብ ከሆነ የኑብያ ሴት ናት።

ሌንስ
ፎቶው ግን ያታልላል። ብርሃን ከወፉ ጀርባ ሲመጣ ቀዩ ጥቁር ይመስላል፤ ስለዚህ ሰማይ ከኋላ ካለ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) 1 ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ያድርጉ። ከሥር ወደ ላይ የተነሳ ከሆነ ደግሞ የጎኑ ነጠብጣቦች ተደራርበው ሰረዝ ይመስላሉ፣ ኑብያን ካርዲናል ብሎ መሳሳት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ጉንጩና ደረቱ አብረው የሚታዩበትን፣ ወፉ በጎኑ የዞረበትን ፎቶ ይምረጡ።

ግራር ሥር
አመሰግናለሁ። ነጠብጣቡ ክብ ነው፣ ጺሙም ነቁጥ አለበት። በድምፅስ ይለያሉ?

ጆሮ ለወፍ
በደንብ! ለእኔ ከላባው ይልቅ የሚታመነው ድምፁ ነው። ኑብያ ጥርት ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ተከታታይ ጥሪ አለው፤ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ጥንዶቹም ብዙ ጊዜ ተቀባብለው ይጮኻሉ። ግንድ መደብደብ ግን እምብዛም አያዘወትርም። ከግራሩ ውስጥ ኃይለኛ ድብደባ ሰምተው መጨረሻው ላይ ጥቂት የተነጣጠሉ ምቶች ካሉ ጺማሙን ይፈልጉ።

ኑብያ ጉንዳንና ምስጥ ስለሚያድን ግንድና ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ይፈልጉት፤ ካርዲናል ቀጫጭኑንና ቁጥቋጦውን ይወዳል። ወደ ደጋው፣ ጽድና ኮሶ ወዳለበት ሲወጡ ግን ሌላም ይጨመራል፦ ሆዱ ሰረዛም፣ ጀርባው ወርቃማ፣ ከጅራቱ በላይ ቀይ ከሆነ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘው የአበሻ ግንደ ቆርቁር ነው።