ለአሮጌ ሪከርቭ ቀስት ምን ዓይነት አውታር ይሻላል?

ጀማሪው
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ጎረቤቴ ጋራዡን ሲያጸዳ የወጣትነት ቀስቱን ሰጠኝ፤ ቤር የሚባለው ኩባንያ የሠራው ግሪዝሊ፣ ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ ቀስት) ነው። የቀስቱ ክንድ ላይ ርዝመቱ 58 ኢንች፣ የመሳቢያ ኃይሉ 45 ፓውንድ ተብሎ ተጽፏል። እንጨቱ እስካሁን ያበራል፣ አውታሩ ግን ፍላጻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተበጣጥሶ ጸጉር አውጥቷል። ግማሹ ሰው ፋስት ፍላይት የሚባለው አዲሱ የአውታር ክር ፈጣን ነው ይላል፣ ግማሹ የቆየውን የዳክሮን ክር ያዝ ይላል። የቱን ልያዝ? ርዝመቱስ? አሮጌውን ስለካው 55 ኢንች መጣ።

ዛፍ ሥር
ወንድሜ፣ ፋስት ፍላይቱን ተወው። ቢ-50 ወይም ቢ-55 የሚባለውን ዳክሮን ያዝ። ዳክሮን ፍላጻው ሲለቀቅ ትንሽ ይለጠጣል፤ ምቱን የምታበርደው ያቺ መለጠጥ ናት። ፋስት ፍላይት እምብዛም ስለማይለጠጥ ምቱ እንዳለ የክንዱ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ የድሮ ቀስቶች ጫፍ ደግሞ ለዚህ ተብሎ አልተጠናከረም፣ ክሩም ቀጭን ስለሆነ እንጨቱን ይበላዋል። እኔ ተነግሮኝ አልሰማሁም፣ አሮጌ ቀስቴ ላይ ፋስት ፍላይት አሰርኩ። አንድ ቀን ስፈታው የላይኛው ጫፍ ላይ ጸጉር የምታክል መስመር አየሁ። ፋይበር ግላሱ ከእንጨቱ እየለቀቀ ነበር። ቀስቱ ዛሬ ግድግዳ ላይ ነው፤ አሁንም ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሰም እና ክር
በአሮጌው አውታር አትለካ፣ በዘመናት ተለጥጧል። ለሪከርቭ ክንዱ ላይ ከተጻፈው 4 ኢንች ቀንስ፤ ያንተ 54 ይሆናል። ለ45 ፓውንድ 14 ክር ይበቃል።

ደግሞ ራስህ ሥራው! ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ገምደህ የምታውቅ ከሆነ እጅህ ያውቀዋል። ሰባት ሰባት ክር ያላቸው ሁለት ነዶ ታደርጋለህ፣ ሁለቱንም በንብ ሰም ታሻለህ። ከዚያ አንዱን ነዶ ወደ ውጪ ታጠነጥነውና በሌላው ላይ አሳልፈህ ወደ ራስህ ትመልሰዋለህ፣ ቀጥሎ ሌላውን። በተቃራኒ ስለሚጠማዘዙ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ጫፍ ላይ ያለውን ቀለበት የሚይዘው ይኸው ነው፣ ቋጠሮ የለውም። የመጀመሪያው ሲያምርህ ተጠንቀቅ፣ የኔ አንዱ ነዶ ከሌላው ላልቶ ስለነበር ፈትቼ እንደገና ነው የሠራሁት። መሃሉን በናይለን ክር አጥብቀህ ጠቅልል። ፍላጻውን ሰክተህ ወደ መሬት አንጠልጥለው፤ ራሱን ችሎ መንጠልጠል አለበት፣ አውታሩን በጣት መታ ስታደርገው ደግሞ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ጥቅሉ ወፍሯል።

ጀማሪው
እግዜር ይስጥልኝ! ጅራፍማ ስንት ገምጃለሁ። ስወጥረው ከአውታሩ እስከ እጀታው ስንት ይራቅ?

ዛፍ ሥር
ከእጀታው ጥልቅ ቦታ ለካ፤ ከ7 ኢንች ተኩል ጀምረህ እስከ 8 ሞክር። ሲጮህብህ ወይም እጅህን ሲያንቀጠቅጥህ አውታሩን ፈትተህ ሁለት ሦስት ዙር አጠንጥነው፣ ከፍ ይላል። አዲስ ዳክሮን መጀመሪያ ላይ ስለሚለጠጥ በየቀኑ ለካው። ስትወጥር እግርህን በቀስቱ መሃል አታሳልፍ፣ ክንዱ ይጣመማል። መወጠሪያ ገመድ ግዛ። ያለ ፍላጻ ደግሞ ስበህ እንዳትለቅ፣ አንዴም ቢሆን።