ዓባይ በረሃ ላይ ቆሜያለሁ፤ አውቶማቲክ መኪናዬን ከዜሮ ማርሽ ወደ ዲ (መንጃው ማርሽ) ስመልሳት ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አይይዝም፣ እባካችሁ ቶሎ!

ባለኮሮላ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከጎሐ ጽዮን እየወረድኩ ድልድዩ ጋ ሳልደርስ ዳር ይዣለሁ። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ዜሮ ማርሽ ላይ ለቀቅኳት። ወደ ዲ ስመልሳት ምንም አልያዘችም፤ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ብቻ ጮኸ፣ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) 4 ሺህ ገባ፣ ከዚያ ድንገት ጓ! ብላ ያዘች። ሁለቴ እንዲህ ሆነች። ቤተሰብ ይዣለሁ፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ምን ላድርግ?

ፍሪሲዮን፦ ሞዴሉስ? ስንት ዓመተ ምሕረት? ሐኪም ቤት ሄደህ «አሞኛል» ብለህ ዝም ትላለህ እንዴ?

የአዳማው፦ የካምቢዮ ዘይት አስለውጥ።

ጋሽ መሪ፦ ልጄ፣ እኔ በዚህ መንገድ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከሺህ ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። በዜሮ ስትለቃት ሞተሩ አይይዝልህም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። ፍሬን ሲግል ደግሞ ብትረግጠውም አይሰማም። ልጆች ጭነህ ዜሮ? አውቶማቲክም ቢሆን ቁልቁለት በዝቅተኛዎቹ ማርሾች፣ በ2 ወይም በኤል ነው የሚወረደው።

ባለኮሮላ፦ እሺ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ኮሮላ 2004፣ አውቶማቲክ ባለ 4 ማርሽ ናት። ግን ዜሮ ነዳጅ እንደሚቆጥብ የማያውቅ ሾፌር አለ?

መርፌ፦ አለ፣ እኔ። እሱ የካርቡራተር ዘመን ወሬ ነው። ያንተ ኢንጀክሽን ናት፣ ቤንዚኗን የሚለካው ኮምፒውተር ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ስታነሳ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን ይዘጋል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል።

ቁምነገር የለሽ፦ ዜሮው ማርሹ ነው እንጂ ነዳጁ አይደለማ 😂

ካምቢዮ ሠሪ፦ ክርክሩን ተዉትና ሰውየው መንገድ ላይ ነው። ወንድም፣ የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። በዜሮ ማርሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትወርድ ጎማው የካምቢዮውን ውስጥ በፍጥነት ያዞረዋል፣ ሞተሩ ግን በደቂቃ 700 እና 800 ዙር ላይ ስለሆነ ፓምፑ የሚልከው ዘይት ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ጤነኛ ካምቢዮ እስከ 4 ሺህ አይለቅም። ዘይት ጎድሎብሃል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ አፍንጫዋን ስትደፋ የቀረችው ዘይት ትሸሻለች፣ ፓምፑም አየር ይስባል። ደልደል ያለ ቦታ ፈልግ። ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ፍሬን ረግጠህ፣ ከፒ (ማቆሚያው) እስከ ኤል በየማርሹ አሳልፈህ ወደ ፒ መልስ። ከዚያ የካምቢዮውን መለኪያ ዘንግ (የሞተሩን አይደለም!) አውጣ፣ ጥረግ፣ መልሰህ ለካ። የትኩሱ ምልክት ላይ ደረሰ? ጠቁሮ የተቃጠለ ይሸታል? ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኦዲ ኦፍ (O/D OFF) መብራትስ ብልጭ ድርግም ይላል?

የአዳማው፦ ዘይት ነው አላልኩም?

ካምቢዮ ሠሪ፦ ያልከው ለውጥ ነው። ዓባይ በረሃ ውስጥ ማን ይለውጥለት?

ባለኮሮላ፦ ለካሁት። መብራት የለም። ዘይቱ ዘንጉን ጫፉን ብቻ ነው የነካው፤ ቀይ ነው፣ አይሸትም። አሁን ትዝ ሲለኝ ጠዋት ሱሉልታ ቁርስ በልተን ስንወጣ ከሥሯ ቀይ ጠብታ ነበር። የሌላ መኪና መስሎኝ ነበር።

ፍሪሲዮን፦ ይቺን ነው የደበቅከን!

ካምቢዮ ሠሪ፦ ቀይና የማይሸት መሆኑ ጥሩ ነው፣ ገና አልተቃጠለም። ከካምቢዮው ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች እይ፣ መጋጠሚያቸው ላይ ላብ አለ? ሳትሞላ የደጀንን ዳገት እንዳትሞክር፣ የካምቢዮውን የውስጥ ክላቾች ትጨርሳቸዋለህ። ጎሐ ጽዮን የምታውቀው ሰው ካለ በሚያልፍ ሚኒባስ ቲ ፎር የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ያስልክልህ። በትንሽ በትንሹ እየለካህ ጨምር፣ ከምልክቱ እንዳታሳልፍ። የሞተር ዘይት እንዳትሞክር! ካልሆነና ከተጎተተች የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ይነሱ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ከዞረ ፓምፑ ጭራሽ አይሠራም።

ጋሽ መሪ፦ ጎማዋን ድንጋይ አስደግፍ። ልጆቹን ከመንገዱ ራቅ አድርገህ ጥላ ሥር አስቀምጥ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው።

ባለኮሮላ፦ አንዱ ቱቦ እርጥብ ነው። የኤፍኤስአር የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞልኛል፣ ባት

መርፌ፦ ባት ምን? ባትሪህ አለቀ?

የአዳማው፦ ይቅርታ፣ የኔ ቪትዝ ደግሞ ሪቨርስ ሳስገባት ትንቀጠቀጣለች። ዘይት ይሆን?

ቁምነገር የለሽ፦ አስለውጥ 😂