ናፍጣችን ከሩሲያ አይመጣም፤ ታዲያ ማዕቀቡ እኔን ለምን ነካኝ?

የሮቢት አትክልተኛ (ሸዋ ሮቢት)

ሰላም ወገኖቼ። ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት አለማለሁ። ማሳዬ አንድ ሄክታር አይሞላም። ውሃ የምስበው በናፍጣ ሞተር ነው። ሽንኩርት ራስ መያዝ ሲጀምር ውሃ ከተጓደለበት አለቀ፤ ቆይተህ ብታጠጣው አያገግምም። ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ማደያ ተሰለፍኩ። አንዷን ብቻ ሞሉልኝ። የቀረውን ከመንገድ ዳር ቸርቻሪ ገዛሁ፤ በስንት እንደገዛሁ ለባለቤቴም አልነገርኳት።

ሰልፉ ላይ አንዱ «ሩሲያ ላይ ማዕቀብ ስለተጣለ ነው» አለ። ሌላው «እኛ ከሩሲያ አንገዛ፣ ምን አገናኘን» ብሎ ተከራከረው። ሁለቱም እውነት ያላቸው መሰለኝ። ደግሞ ህንድ በርካሽ ትገዛለች ይባላል። ማዕቀብ ማለት አትግዙ ማለት ከሆነ ህንድ እንዴት ገዛች? እኛስ? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

የኤልሲ ክፍል (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ እኔ ባንክ ውስጥ የውጭ ንግድ ወረቀት የሚያልፍበት ወንበር ላይ ነው የምሠራው።

ማዕቀብ ሁልጊዜ «አትግዙ» ማለት አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አውሮፓ በባሕር የሚመጣውን የሩሲያ ድፍድፍ (ያልተጣራ ነዳጅ) ለራሷ ከለከለች። ለሌላው ዓለም ግን ከቡድን 7 ባለጸጋ አገሮችና ከአውስትራሊያ ጋር ሆና የዋጋ ጣሪያ አበጀች። ጣሪያው ያኔ በበርሜል 60 ዶላር ነበር። ከጣሪያው በላይ ከተሸጠ የእነሱ መርከብ አይጭነውም፣ የእነሱ ኢንሹራንስም አይሸፍነውም። ጉልበታቸው ኢንሹራንሱ ላይ ነው። ከዓለም የባሕር ጭነት መርከቦች 90 በመቶ ያህሉን የሚሸፍኑት ጥቂት ማኅበራት ናቸው፤ አብዛኞቹም እዚያው አውሮፓ። ኢንሹራንስ የሌለውን መርከብ ደግሞ ደህና ወደብ አያስጠጋውም።

ስለዚህ ህንድ የገዛችው ተደብቃ አይደለም። ከዩክሬኑ ጦርነት በፊት ከውጭ ከምታስገባው ድፍድፍ የሩሲያው 2 በመቶ ገደማ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከሲሶ በላይ ሆነ። ከጣሪያው በላይ የሚሸጠውን ባለቤታቸው የማይታወቅ አሮጌ መርከቦች ይወስዱታል። መገኛቸውን የሚናገረውን መሣሪያ አጥፍተው፣ ባሕር መሀል ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጡታል። ኢራንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ድፍድፏን በብዛት ለቻይና የምታደርሰው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሞተር ልምጣ። ጥር 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ክልከላው ወደ ናፍጣ ተሻገረ። አውሮፓ ከውጭ ከምታስገባው ናፍጣ ግማሽ ያህሉ የሩሲያ ነበር። እሱ ሲቀር ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ህንድ ዞረች። የእኛም ናፍጣ በአብዛኛው ከባሕረ ሰላጤው ነው የሚመጣው። እኛ በተሰለፍንበት ሰልፍ፣ ከእኛ ይልቅ ብዙ ዶላር የያዘች አውሮፓ መጥታ ቆመች። መንገዱም ረዘመ። ከባልቲክ ወደ ሮተርዳም በሳምንት ገደማ ይደርስ የነበረ ጭነት፣ ወደ ህንድ ሲሄድ ወር ገደማ ይፈጃል። መርከቡ ያው ነው፣ ምልልሱ ግን አነሰ። ያኔ የማጓጓዣ ዋጋ ለሁሉም ይወጣል፤ ማዕቀብ ላልነካውም ጭምር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ደንበኛችን የሞተር ዘይት ሊያስመጣ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ከፈተ። ነዳጅ እንኳ አይደለም። የመርከቧ ስም ማዕቀብ ካለባት ሌላ መርከብ ጋር ተመሳሰለና፣ ዶላሩን የሚያስተላልፍልን የውጭ ባንክ ክፍያውን ያዘው። የመርከቧን ቁጥር ልከን፣ ቀደም ሲል የት የት እንደቆመች አስረድተን፣ 19 ቀን ፈጀ። ሰውዬው በየጠዋቱ እየመጣ መስኮቱ ላይ ይቆም ነበር። የተፈቀደውንም ንግድ ባንኮች ይፈሩታል። ይህ በሕጉ ላይ አልተጻፈም፣ ሥራው ላይ ግን አለ።

የድሮ ቦቴ ሹፌር

ልጄ በደንብ አስረድቷል። የቀረችውን እኔ ልመልስ።

እኛ የሩሲያን ርካሽ ድፍድፍ ብንገዛስ የት እናጣራዋለን? ህንድ ማጣሪያ አላት። እኔ በጉብዝናዬ ከአሰብ ጭኜ ነበር የምመጣው። ያኔ አሰብ ላይ ማጣሪያ ነበር። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሽቅብ በአንደኛ ማርሽ፣ ጉሙ ከመስታወቱ ላይ አልወርድ እያለ፣ ረዳቴ ታኮ ይዞ በእግሩ ከጎኔ ይሄድ ነበር። ያ ማጣሪያ ከተዘጋ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ የምንገዛው የተጣራ ብቻ ነው። የሩሲያ ድፍድፍ ቢረክስ ቅናሹ በቀጥታ እኛ ቤት አይገባም።

ደግሞ ዋጋና ሰልፍ አይምታታብን። ዋጋው ከባሕር ማዶ ሊመጣ ይችላል። ሰልፉን ግን ማዕቀብ ብቻውን አያመጣውም። ዶላሩ ሲዘገይ፣ ቦቴው መንገድ ላይ ሲቆም፣ ናፍጣው ከማደያ በጓሮ ሲወጣ ነው ሰልፍ የሚረዝመው። በጓሮ የሚወጣውን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሮቢት አትክልተኛ

እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ፣ ስለዚያ 19 ቀን ያልከው ከሁሉም በላይ ገባኝ። የእኔ ሽንኩርት ራስ በያዘበት ሰሞን 19 ቀን ቢያልፍበት ምኑ ይተርፋል? ጋሼ፣ የጓሮውን ነገር እኛም እናውቀዋለን፤ የገዛሁት ከእነሱ ነው፣ አማራጭ ስላጣሁ።

ከጎረቤቴ ጋር ተነጋግረናል። የሱ ሞተር አነስ ያለች ናት፣ ናፍጣም ትቆጥባለች። ከነገ ጀምሮ በእሷ ብቻ በፈረቃ እናጠጣለን፤ ሌሊቱ የኔ ነው።