አስቸኳይ! የምግብ ፎቶዬ ላይ መስመር መስመር እየመጣ ነው (ደሴ)

ሙና ፒያሳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የምሠራበት ምግብ ቤት ሜኑ ነገ 4 ሰዓት ማተሚያ ቤት ይገባል። ፎቶ አንሺ የተባልኩት ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ነው። በያይነቱ፣ ተጋቢኖ፣ ጥብስ፣ ጨጨብሳ። ሁሉም ላይ ጥቁር መስመር ይመጣል። ገና ሳላነሳ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። እንጀራው ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኗል። ፍላሽ አጥፍቻለሁ። ጥብሱም እየረጋ ነው። ምን ላድርግ?

የቦርከና ልጅ፦ መጀመሪያ ፍላሹን አጥፊው።

ሙና ፒያሳ፦ አጥፍቻለሁ ብያለሁ እኮ ወንድሜ።

ሆዴ ይቅደም፦ እኔ ሰኞ ገበያ ነኝ፣ አሁን እደርሳለሁ። ፎቶውን ተይውና ጥብሱን አስቀምጪልኝ።

ባለ ሌንሱ፦ እህቴ፣ የምግብ ፎቶ እንዲህ በጥድፊያ አይለመድም። መጀመሪያ ሦስቱን ነገሮች ማወቅ አለብሽ፤ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ለስንት ጊዜ ብርሃን እንደሚያስገባ) እና አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎላ)። አንዱን ስትነኪ ሌሎቹ ይነካሉ። ቀዳዳው ሲሰፋ ከኋላ ያለው ይደበዝዛል፣ ሲጠብ ሁሉም ጥርት ይላል። እኔ የምመክርሽ በስልክ ከመልፋት ይልቅ አንድ ደህና ካሜራ ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ገዝተሽ፣ ለጥቂት ወራት ቲማቲምና እንቁላል ላይ ብትለማመጂ ነው።

ሆዴ ይቅደም፦ ነገ 4 ሰዓት አለችህ እኮ ወንድሜ!

ሽቦ በጣሽ፦ መስመሩ የስልክሽ ችግር አይደለም፣ የመብራቱ ነው። እኔ መብራት ነው የምሠራው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ዙር ማለት ነው፤ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በየዙሩ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይንሽ አያየውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል። ካሜራሽ ላይ «ፕሮ» የሚል ካለ ግቢና የሹተር ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ አድርጊው። ይጠፋል፣ ባይጠፋም በጣም ይቀንሳል። 1/50 ላይ እጅ ስለሚያስቸግር ስልኩን የለስላሳ ጠርሙስ ላይ አስደግፊው። ቢጫና ሰማያዊው ደግሞ ሁለት ዓይነት አምፖል አንድ ላይ ስለበራ ነው። አንደኛውን ዓይነት አጥፊ።

የቦርከና ልጅ፦ ፍላሹንም ቼክ አድርጊ።

ሙና ፒያሳ፦ ሽቦ በጣሽ ተባረክ። ግን የኔ ስልክ ፕሮ የሚል የለውም። አምፖሉን ላጥፋ ብል ደግሞ ማታ ስለሆነ ደንበኛ አለ፣ ባለቤቱ ይቆጣኛል።

እውነቱን ልናገር፦ እኔ የማይገባኝ፣ ፎቶው ለምን አስፈለገ? ደሴ ውስጥ ሽሮ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው አለ? ዋጋ ይጻፍ፣ በቃ። እሱም ቢሆን ሳምንት ሳይቆይ ይለወጣል፣ ከዚያ ፎቶ ያለበት ሜኑ ላይ በእስክሪብቶ ስትሰርዙ ማየት ነው።

ከጦሳ ሥር፦ የዋጋው ነገር እውነት ነው። ሙና፣ ለባለቤቱ ንገሪው። ፎቶው ለብቻው በደህና ወረቀት ይታተም፣ ዋጋው ደግሞ በተራ ወረቀት። ዋጋ ሲለወጥ ርካሹን ብቻ ትቀይራላችሁ። ፎቶ አያስፈልግም የሚለውን ግን አልስማማም። ከሌላ አገር የሚመጣ እንግዳ ጨጨብሳን በስሙ ብቻ አያዝም።

አሁን ወደ ሥራው። ዛሬ ማታ አታንሺ። ነገ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገብተሽ መብራቱን በሙሉ አጥፊ። ጠረጴዛውን መስኮት ዳር አስጠጊና ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። በወዲያኛው በኩል ነጭ ካርቶን አቁሚ፣ ጥላውን ያለዝበዋል። ሰማዩ ደመና ከሆነ ደስ ይበልሽ፣ ለምግብ ከዚያ የተሻለ ብርሃን የለም። ፀሐይ በቀጥታ ከገባብሽ ነጠላ መስኮቱ ላይ ወጥሪ። የስልኩን ሌንስ ደግሞ ጥረጊው፤ ወጥ ቤት የዋለ ስልክ ቅባት አያጣውም።

በያይነቱን ከላይ ቀጥ ብለሽ አንሺ። ተጋቢኖን ግን ከላይ ካነሳሽው ጥቁር ድስት ውስጥ ያለ ቡናማ ክብ ብቻ ነው። ዝቅ ብለሽ በሰያፍ፣ አረፋው ሳይከስም። ስልኩን ሳህኑ ላይ አትደፊው፣ ቅርጹ ይጣመማል፤ ራቅ ብለሽ አንሺና በኋላ የፎቶውን ዳር ዳር ቁረጪው። ስክሪኑ ላይ እንጀራውን በጣትሽ ነክተሽ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሺ። ዓይኑ ካልታየ እንጀራው ነጭ ጨርቅ ይመስላል።

እትዬ ገበታ፦ የኔ ዓይን፣ ጥብሱን አስቀድመሽ አታውጪው። የደሴ ብርድ ሞራውን ወዲያው ነው የሚያረጋው። ባዶ ሳህን አስቀምጠሽ ቦታሽን አስተካክይ፣ ጥብሱ መጨረሻ ከእሳት ይውጣ። ሳህኑንም በፈላ ውሃ አሙቂው። እንጀራውን እስክታነሺ እርጥብ ጨርቅ አልብሺው፣ አለበለዚያ ጠርዙ ይደርቅና ይቀለበሳል። ሽሮው ቆዳ ካወጣ በማንኪያ ጀርባ ዘይት ቀባ አድርጊው። ወጡንም አትከምሪ፣ ትንሽ ትንሽ ሲሆን ነው መልክ ያለው።

እውነቱን ልናገር፦ ይኸው! ዘይት ቀብቶ ማታለል ተጀመረ። ውጭ አገር ማስታወቂያ ላይ በወተት ፈንታ ነጭ ሙጫ ነው የሚያፈሱት።

እትዬ ገበታ፦ ልጄ፣ ዘይት ሽሮው ውስጥም አለ። ሙጫ አድርጊ ያላት የለም።

ከጦሳ ሥር፦ አንድ የረሳሁት። ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኪ በፎቶ ሳይሆን በ«ፋይል» ላኪ። በፎቶ ከላክሽው ይጨመቃል። 10 ሳንቲሜትር ስፋት ኖሮት ጥርት ብሎ እንዲታተም ወደ 1,200 ፒክስል ስፋት ያስፈልገዋል። ሕትመት ላይ ከስክሪን ጠቆር ስለሚል አንድ ገጽ አሳትመሽ ሳታዪ ሁሉንም አታስጀምሪ።

ባለ ሌንሱ፦ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ቢኖራት ይህ ሁሉ ባላስፈለገ። ያገለገለ የሚሸጥ አውቃለሁ፣ የምትፈልጉ በውስጥ።

ሙና ፒያሳ፦ እሺ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጠዋት እሞክራለሁ። ነጠላ የምትሉት የታጠበ መሆን አለበት?

ሆዴ ይቅደም፦ ጥብሱስ?

ኮምቦልቻ በርገር፦ ሙና፣ እንዴት ሆነልሽ? እኔም ኮምቦልቻ ተመሳሳይ ጣጣ ውስጥ ነኝ። የኔ መብራት ሳይሆን ፀሐይ ነው። በረንዳ ላይ 6 ሰዓት በርገር ሳነሳ ዳቦው ነጥቶ ይጠፋል፣ ሥጋው ደግሞ ይጠቁራል።

የቦርከና ልጅ፦ ፍላሽ አብራበት፣ ሥጋው ይታይሃል።

ከጦሳ ሥር፦ የቦርከና ልጅ ዛሬ ያልተሳሳተበት ቀን ነው። ነጠላው ይሻልሃል ግን፤ ከላይ ወጥረውና የቀረውን ጥላ በነጭ ካርቶን ሙላው። ከቻልክ 3 ሰዓት ላይ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አንሳ። በርገርን ከላይ አታንሳው፣ ከጎን በዳቦው ቁመት። ሙና ግን ድምፅሽ ጠፋ።