ክርክር፦ የኤሌክትሪክ ትራንስፖርት ማበረታቻ ለግል መኪና ወይስ ለአውቶቡስ?

አስተባባሪ

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ የገንዘብ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አንስቶ፣ የጉምሩክ ቀረጡን ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣው ዜሮ አድርጎ ነበር። የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ የሕዝብ ገንዘብና የመብራት መስመር አቅም መጀመሪያ ለአውቶቡስ ይዋል፤ ለግል መኪና የሚሰጠው ማበረታቻም ይቀነስ። የሚደግፍም የሚቃወምም አሠራሩንና ቁጥሩን ይዞ ይምጣ።

ሚዛን

እደግፋለሁ። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ከሄደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ባለ 12 ሜትር አውቶቡስ በእኛ ዳገትና ቁልቁለት በኪሎ ሜትር 1.25 እንበል፤ በቀን 200 ኪሎ ሜትር ሲሠራ 250 ይሆናል። አንዱ አውቶቡስ የአርባ መኪና ያህል ይበላል ማለት ነው። አርባው መኪና እያንዳንዱ አንድ ሰው ተኩል ይዞ ቢሄድና ቢመለስ 120 ጉዞ ነው። በደንብ የሚሠራ አውቶቡስ ግን በቀን 700 ሰው ያሳፍራል። የአውቶቡስ ተሳፋሪ መሃል ላይ ስለሚወርድ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ልዩነቱ ይጠብባል፤ አይጠፋም ግን።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቀረጡ የተነሣለት ማን ነው የሚለው ነው። በዚህች ከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው። ቀረጥ የቀረለት ግን መኪና የመግዛት አቅም የነበረው ሰው ነው።

ገበያ

እቃወማለሁ። ቀረጥ መተው ከካዝና ገንዘብ አውጥቶ መስጠት አይደለም። ባትሪውን የሚገዛው ባለመኪናው በራሱ ገንዘብ ነው፤ መንግሥት የሚያተርፈው በውጭ ምንዛሪ ይገዛ የነበረውን ቤንዚን ነው። ግድቡም አልቋል፣ ኃይል አለ። ማበረታቻውን ብታነሡ የነዳጅ መኪና ስለተከለከለ ያሮጌው ዋጋ ይሰቀላል፣ በመተግበሪያ የሚሠራው ሹፌርም ከገበያ ይወጣል።

«ለሕዝብ ትራንስፖርት ይዋል» የሚለውን ደግሞ አይተነዋል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ተበድረን፣ 41 ባቡር ይዞ ነበር። መለዋወጫ እየጠፋ ስንቱ ባቡር ቆሞ ቀረ? የግል መኪና ሲበላሽ ባለቤቱ ተሯሩጦ ያሠራዋል።

ትራንስፎርመር 315

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋዋት ተመርቋል፤ ልክ ነው። ማነቆው ያለው ግን የሰፈሩ ምሰሶ ላይ ነው።

15 ኪሎቮልቱን ወደ 380/220 ቮልት የሚያወርደው የሰፈር ትራንስፎርመር ብዙውን ጊዜ ባለ 200 ወይም ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። ቤት የሚገጠም ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር በአንድ ፌዝ (ከሦስቱ የኃይል ሽቦ በአንዱ) 32 አምፔር ይስባል፤ የሁለት እንጀራ ምጣድ ያህል። ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ሠርቶ ይጠፋል፣ ጎረቤትም የሚጋግረው በየራሱ ቀን ነው። በየሦስት በየአራት ቀኑ የሚሞላ መኪና ግን ባለቤቱ ሲገባ፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይሰካና ሰፈሩ ሁሉ እራት በሚሠራበት ሰዓት ሦስት ሰዓት ሙሉ ይስባል።

የሚጎዳው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ከመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ቤት ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድበት የምጣዱ ኃይል በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚቀንስ ባለ 3.5 ኪሎዋቱ ምጣድ 2.3 ብቻ ይሰጣል። አይግልም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ መጨረሻው ወደ እንጨት መመለስ ነው። ቻርጀሩ ቮልቴጁ ቢወርድም 32 አምፔሩን ስለማይለቅ መውረዱን ያባብሰዋል። ቻርጀሮቹ አንድ ፌዝ ላይ ከተከማቹ ደግሞ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ይጫናል፤ የላላ ማያያዣ ካለ ግሎ ይቃጠላል። ኒውትራል ሲበጠስ አንዱ ቤት ከ300 ቮልት በላይ ሊገባበት ይችላል፤ የሰው ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚነደው በዚህ ነው።

መፍትሔው ይታወቃል። ከ3.5 ኪሎዋት በላይ የሆነ ቻርጀር ሁሉ ባለ ሦስት ፌዝ ይሁን፣ የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት እንዳይስብ ሰዓት ይሞላለት። ትራንስፎርመር መቀየር ካስፈለገም የሚከፍለው ቻርጀር ያስገባው ይሁን፣ ሰፈሩ አይካፈለው።

ገበያ

ባለ ሦስት ፌዝና የሌሊት ሰዓት እቀበላለሁ። ትራንስፎርመሩን ብቻውን ይክፈል የሚለውን ግን አልቀበልም። መጀመሪያ ያስገባው ሰው ሙሉውን ከፍሎ፣ ከሱ በኋላ የመጡት አሥር ሰዎች በነጻ ሊጠቀሙበት ነው?

ትራንስፎርመር 315

በኪሎዋት ይከፋፈል። እያንዳንዱ አዲስ ቻርጀር በሚስበው ልክ ይክፈል፤ ገንዘቡ ተጠራቅሞ ትራንስፎርመሩ ከመሙላቱ በፊት ይቀየር። በዚህ ልንስማማ እንችላለን።

ቆጣሪ

ስለ መኪናና አውቶቡስ ስንከራከር ከሁለቱም የማይደርሰው ሰው ተረሳ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ለመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት በወር ዝቅተኛ ነው፤ ፍጆታው ሲጨምር ዋጋውም ይወጣል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሦስት ወሩ እየተጨመረ ነው። በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲኖር እያንዳንዱ 40 ቢጠቀም ለየብቻው ከዝቅተኛው አይወጣም። ቆጣሪው ግን 200 ያነብባል፤ ድሃው በባለጸጋ ዋጋ ይከፍላል። አከራዩም በአምፖል ቁጥር ያስከፍላል፣ ምጣድና ምድጃ ይከለክላል። ስለዚህ ከሰል ይነድዳል።

ሚዛን ባሉት ስሌት በቀን 6 የሚሞላ መኪና በወር 180 ነው። የአምስቱ ቤተሰብ ያህል! የቆጣሪ መለያየት ወጪ ከአውቶቡስም ከቻርጀርም ፊት ይሰለፍ እላለሁ። ቆጣሪ እስኪገባም ግቢው ያለውን የቤተሰብ ብዛት ወረዳው አረጋግጦ የ50ው መነሻ በዚያው ይባዛ።

ዴፖ

እኔ ደጋፊ ነኝ፤ ግን ገበያ ስለ ባቡሩ ያሉት ተገቢ ስጋት ነው። አውቶቡስ መጀመሪያ ተገዝቶ ዴፖ በኋላ ከተሠራ ያው ይደገማል። ቅደም ተከተሉ፦ መሬቱ፣ ከዚያ የ15 ኪሎቮልቱ መስመር፣ ከዚያ ቻርጀሩና የባለሙያው ሥልጠና፣ መጨረሻ አውቶቡሱ።

100 አውቶቡስ በቀን 25,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 11 ባለው ስድስት ሰዓት ለመሙላት፣ 10 በመቶ ብክነት ተጨምሮ፣ 4.6 ሜጋዋት ያስፈልጋል። ባለ 1,600 ኪሎ ቮልት አምፔር አራት ትራንስፎርመር ቢተከል አንዱ ቢቃጠል እንኳ ሦስቱ 4,800 ይዘው ሌሊቱን ያወጡታል። ሲታዘዝ ታዲያ የቦታው ከፍታ በጨረታው ሰነድ ላይ ይጻፍ። የተለመደው ዕቃ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃው በደንብ አይቀዘቅዝም፣ የኤሌክትሪክ መከላከያ አቅሙም ይቀንሳል። ይህ አንድ መስመር ተዘልሎ የተገዛ የማከፋፈያ ሰሌዳ በሙሉ ጭነት ሲሠራ ግሎ መብራቱን ይቆርጣል።

መብራት ሁለት ሰዓት ከጠፋ የሌሊቱ ኃይል ሲሶው ሄደ። ስለዚህ ከሁለት የተለያዩ ሰብስቴሽኖች የሚመጣ መስመር፣ ወይም ባትሪው የቀኑን ፍጆታ ከሸፈነ በኋላ 30 በመቶ መጠባበቂያ ያለው አውቶቡስ ያስፈልጋል። መሰኪያውም አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ግዢ ጂቢ/ቲ (የቻይናው መሰኪያ)፣ ሌላው ሲሲኤስ 2 (የአውሮፓው) ከሆነ በአንድ ግቢ ሁለት ዓይነት ቻርጀር ቆሞ ግማሹ ሥራ ይፈታል።

ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር አለ፦ እንጦጦ ግርጌ ያለ ዴፖ ባትሪውን እስከ 100 መሙላት የለበትም። አውቶቡሱ ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ የሚያመነጨውን ኃይል ሙሉ ባትሪ አይቀበልም፤ ኃይሉ ይባክናል፣ የፍሬን ሸራም ያልቃል። 90 ላይ ይቁም። አቃቂ ያለው እስከ ጥግ ይሙላ፣ ጠዋት የሚወጣው ዳገት ነው።

መለዋወጫን በተመለከተ የግዢው ውል የአምስት ዓመት ዕቃ በብር ሳይሆን በዝርዝር ይያዝ፦ ኮንታክተር (ከባድ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ የማቀዝቀዣ ፓምፕ፣ የ24 ቮልት ባትሪ፣ ጎማ። አውቶቡሱ ከባድ ስለሆነና መነሣቱም ኃይለኛ ስለሆነ ጎማ ከናፍጣው ቶሎ ይጨርሳል። የስሕተት ኮድ የሚያነብበው መሣሪያና ሶፍትዌሩ ካልተሰጠ ደግሞ እዚህ ያለ መካኒክ የ24 ቮልቷን ባትሪ ድክመት እንኳ መለየት ያቅተዋል።

መስመር

አውቶቡስ ተገዝቶ መኪና መሃል ከተሰለፈ ዋጋ የለውም። ደርሶ መልሱ 36 ኪሎ ሜትር የሆነ መስመር በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ በየ10 ደቂቃው አንድ ለመላክ 18 አውቶቡስ ያስፈልጋል። የራሱ መስመር ተከልሎለት 18 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሁለት ሰዓት ነው፤ 12 አውቶቡስ ይበቃል። በቀለምና በድንበር ስድስት አውቶቡስ ተረፈ።

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ላለው ነዋሪ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። አውቶቡስ ሲቀር ሚኒባሱ ጉዞ ያቆራርጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፈላል፤ ከቤቱ በልማት ተነሥቶ ወደ ዳር የሄደው ሰው የበለጠ ይከፍላል። የኤሌክትሪክ የግል መኪና ጭሱን ይቀንሳል፤ በአስፋልቱ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን የቤንዚኑን ያህል ነው።

ገበያ

መስመር መከለሉን አልቃወምም። ሚኒባሱን ግን ረሳችሁት። አሮጌ ሃይሩፍ ይዞ በታፔላ የሚሠራ ባለንብረት አዲስ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ በአንድ ጊዜ መግዛት አይችልም። የግል መኪናው ማበረታቻ ይነሣ ከተባለ ለሚኒባሱ ይተላለፍ፤ ከተወሰነ ዋጋ በላይ ያለው መኪና ቀረጥ ይክፈል፣ ገንዘቡ ለታክሲ ባለንብረት የብድር ዋስትና ይዋል።

ሚዛን

የዋጋ ጣሪያውን እደግፋለሁ። የብድር ዋስትናው ላይ አንድ ነገር ይጨመር፦ ብድሩን የወሰደ ታክሲ የታፔላውን መስመር ካቆራረጠ ዋስትናው ይነሣበት።

ገበያ

በዚህ አልስማማም። ሹፌሩ የሚያቆራርጠው ተመላልሶ ወጪውን ስለማይሸፍን ነው። መጀመሪያ ታሪፉ ከኤሌክትሪኩ ወጪ ጋር ይሰላ፤ ከዚያ ቅጣት።

ቆጣሪ

ከቀረጡ ገንዘብ ግማሹ ወደ ቆጣሪ መለያየት ይሂድ። ለታክሲ ዋስትና የሚቀረው በቂ መሆኑን ዴፖና ገበያ በቁጥር ያሳዩን፤ እኔ የግቢዎቹን ስሌት አቀርባለሁ።